የቀድሞ ተከራይ ጥሎት የሄደ የመብራትና የውሃ ዕዳ

ፒያሳም ሆነ ካዛንቺስ አካባቢ ቤት የሚከራይ ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት የመብራትና የውሃ ቆጣሪዎቹን ንባብ በስልኩ ፎቶ ማንሳትና ከአከራዩ የቅርብ ጊዜ ደረሰኞችን መጠየቅ ይኖርበታል። በመብራት ደረሰኙ ላይ የሰፈረውን የደንበኛ ቁጥር ቴሌብር ላይ በማስገባት ያልተከፈለ ሂሳብ መኖር አለመኖሩን እዚያው ግቢው ውስጥ ቆሞ ማየት ይቻላል።

ቆጣሪው አብዛኛውን ጊዜ የተመዘገበው በቤቱ ባለቤት ስም ቢሆንም፣ ዕዳው ሳይከፈል ቀርቶ መስመሩ ሲቆረጥ ጨለማ ውስጥ የሚቀመጠው አዲሱ ተከራይ ስለሆነ፣ «የወጣው ልጅ ይከፍላል» የሚል የቃል ተስፋ አያዋጣም። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ተደርጎ መመዝገብ ስላለበት፣ የርክክቡ ዕለት የቆጣሪ ንባብ፣ እንዲሁም ከዚያ በፊት ያለው ሂሳብ ሁሉ በአከራዩ እንደሚሸፈን የሚገልጽ አንቀጽ በውሉ ውስጥ እንዲካተት ማድረግ ተገቢ ነው።

ዕዳው ከገቡ በኋላ ከተገኘና አከራዩ እጅ ካጠረው፣ ተከራዩ ከፍሎ ከወር ኪራይ እንዲቀነስለት መስማማት ይችላል፤ ይህም በሁለቱ ፊርማ መረጋገጥና ደረሰኙም መቀመጥ አለበት። በአንድ ቆጣሪ ብዙ ቤተሰብ በሚጠቀምበት ግቢ ግን የአከፋፈሉን ስሌት አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል፤ ጠብ የሚነሳው በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው።