የሰፈር ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስድብ ሲነሳ

ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራም ከመጋላም ሰው የሚገባበት የቴሌግራም ግሩፕ የምትመሩ ከሆነ፣ ስድብ ሲለጠፍ ለመሰረዝ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ስክሪንሹት አንሱ፤ የላኪው ስምና ሰዓቱ ይታይ። የአድሚኖች መዝገብ የተሰረዘ መልእክት የሚያቆየው ለ48 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ «እኔ አልጻፍኩም» ለሚል ሰው የምታሳዩት አይኖርም። ቀጥሎ መልእክቱን ተጭናችሁ «ሪፖርት» በሉና ምክንያቱን በትክክል ምረጡ። ዛቻን «ስፓም» (ያልተፈለገ ማስታወቂያ) ብሎ መጠቆም ጥቆማውን የሚያየውን የቴሌግራም መርማሪ ያሳስታል።

ከባዱ ሥራ ስድብን ከድሬ ወግ መለየት ነው። «አቦ ተው!» ማለት፣ ታላቅንም «አንተ» ብሎ መጥራት እዚህ ቅርበት ነው፤ ከሌላ ከተማ የመጣ አባል ግን እንደ ንቀት ቆጥሮ ሊጠቁም ይችላል። አታንሱት፣ ለጠቋሚው በደግ ቃል አስረዱት። ዘርና ሃይማኖት ላይ ጥላቻ የሚቀሰቅስ ጽሑፍ ግን ወዲያው ይነሳ፤ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር የተከለከለ ነው። ከአድሚኖቹ አንዱ ኦሮምኛ፣ ሌላው ሶማልኛ የሚችል ይሁን። በማሽን ትርጉም ሰው ላይ መፍረድ ትልቅ በደል ነው።

በበርጫ ሰዓት ጭቅጭቁ ከጦፈ ስሎው ሞዱን (አንድ አባል ቀጣዩን መልእክት ለመላክ የሚጠብቀውን ጊዜ) 5 ደቂቃ ላይ አድርጉት። ተሳዳቢውን በውስጥ መስመር አስጠንቅቁ፤ ካልሰማ ለ1 ቀን እንዳይጽፍ ገድቡት። በሰው ፊት ከገሠጻችሁት ደጋፊ ያሰልፋል፣ ጠቡም ይብሳል። ማን እንደጠቆመ ደግሞ ፈጽሞ አትናገሩ፤ ሁለቱ ነገ አንድ ባጃጅ ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ።