ለደስታ የተጀመረ የእጅ ሥራ ደስታውን የሚያጣባቸው ስህተቶች

ሥዕልንና የእጅ ሥራን ለመተዳደሪያ ሳይሆን ለመጫወትና ለመደሰት ሲሉ የሚጀምሩ ጎልማሶችን ለዓመታት ሳስተምር አንድ ነገር ደጋግሞ ያሳዝነኛል። ብዙዎቹ ሥራውን የሚተዉት ተሰጥኦ ስለሌላቸው ወይም ጊዜ ስላጡ ሳይሆን፣ እጃቸው ገና ቀለሙን ሳይለምድ ዳኛ ከጎናቸው ስለሚያስቀምጡ ነው። ዳኛው አንድ ጊዜ በስልክ ላይ ያለ ፎቶግራፍ፣ ሌላ ጊዜ የሚያሳሳ ውድ ወረቀት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በቅንነት ምክር የሚለግስ ዘመድ ይሆናል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች እኩል አያስቆጡኝም፤ ስለዚህም ለሁሉም እኩል ቦታ አልሰጠሁም።

ያለቀ ሥራ ፊት ለፊት አስቀምጦ መጀመር

ጀማሪው ገና ወንበሩን ሳይስብ ስልኩን ያወጣና የሌላ ሰው ያማረ ሥራ ከፍቶ «እንዲህ ያለ መሥራት እፈልጋለሁ» ይላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እያንዳንዱ መስመር ከፎቶግራፉ ጋር ይነጻጸራል፤ ሁልጊዜም የሚያሸንፈው ፎቶግራፉ ነው፤ ምክንያቱም የሚያሳየው የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ሲሆን፣ ከሥሩ የተቀበሩትን የከሸፉ ሙከራዎችና የተጣሉትን ወረቀቶች አያሳይም። ከሌሎች ሥራ እየቀዱ መማር ለዘመናት የኖረና ዛሬም የማከብረው የሥልጠና መንገድ ነው። ነገር ግን እርሱ ትምህርት ነው፤ ጨዋታ ሌላ ነው። ሁለቱንም በአንድ ሰዓት ውስጥ ላድርግ የሚል ሰው አንዱንም አያገኝም።

ግብ ከመያዝ ይልቅ ገደብ ይዞ መጀመር ይሻላል፦ ሁለት ቀለም ብቻ፣ ወይም ያለ መቀስ በእጅ የተቀደደ ወረቀት ብቻ፣ ወይም ብሩሽ ሳይነኩ በጨርቅና በጣት ብቻ መሥራት። ሠዓሊው ጆሴፍ አልበርስ እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ ባውሃውስ በተባለው የጀርመን የሥነ ጥበብና የንድፍ ትምህርት ቤት ጀማሪዎችን ሲያስተምር፣ ተማሪዎቹ ተራ ወረቀት እያጠፉና እየቆረጡ ወረቀቱ ራሱ ምን ማድረግ እንደሚችል እንዲፈልጉ ያደርግ ነበር። ልፍስፍስ ብሎ የሚወድቅ ወረቀት አንዴ ታጥፎ ሲቆም በገዛ እጁ ያየ ሰው «ቀጥሎ ምን ልሥራ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ቀጣዩን ወረቀት ያነሣል እንጂ። ጀርመናዊው ሠዓሊ ማክስ ኤርንስትም እ.ኤ.አ. በ1925 ወረቀት በእንጨት ወለል ላይ አንጥፎ በእርሳስ በመፈተግ የእንጨቱን ጅማት ያወጣና ከዚያ ምልክት ውስጥ ጫካና ወፍ ይፈልግ ነበር። ይህን ልምምድ ለማንም ጀማሪ እመክራለሁ፤ ስስ ወረቀት በቅጠል፣ በሻካራ ጨርቅ ወይም በእንጨት ላይ አስቀምጦ የእርሳሱን ጎን ማሸት ብቻ ነው። ምስሉ አስቀድሞ በሐሳብ ስላልነበረ፣ «አልመሰለም» የሚባል ነገር የለም።

በውድ ዕቃ መጀመር

ውድ ወረቀት እጅን ያስራል። ሰው እያንዳንዱን ገጽ በሚሳሳበት ጊዜ ሙከራ አያደርግም፤ ቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ብቻ በጥንቃቄ ይደግማል። ይሁን እንጂ የተገላቢጦሹም ስህተት አለ፦ በጽሕፈት ቤት ወረቀት ላይ የውሃ ቀለም የሚሞክር ሰው ወረቀቱ ሲጨማደድና ሲላላጥ ጥፋቱን የራሱ ያደርገዋል። የጽሕፈት ቤት ወረቀት በአብዛኛው በካሬ ሜትር 80 ግራም ብቻ ስለሚመዝን ውሃ አይችልም፤ ለውሃ ቀለም የሚሆነው በካሬ ሜትር 300 ግራም ገደማ የሚመዝነው ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ዓይነቱን አንድ ወፍራም ወረቀት የእጅ መዳፍ በሚያህሉ ቁርጥራጮች መከፋፈል ነው። ትንሽ ቁራጭ አያስፈራም፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ከጎኑ አለ።

ላጲስ

ላጲሱን ከጠረጴዛው ላይ ያንሡት። የተሰረዘ መስመር ቀጣዩ መስመር የት መሄድ እንዳለበት የሚናገር መስመር ነበር፤ ካጠፉት በኋላ ያንኑ ስህተት በዚያው ቦታ ደግመው ይሠራሉ። አንድ ሰው ሙሉውን ክፍለ ጊዜ አንዲትን ጽዋ ሲስልና ሲሰርዝ፣ በመጨረሻም ወረቀቱን በስቶ ሲነሣ ተመልክቻለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ እስክሪብቶ ብቻ ሰጥቼ፣ ወረቀቱን ሳያይ የግራ እጁን እየተመለከተ እንዲስለው ጠየቅሁት። የወጣው መስመር ጠማማና የተቋረጠ ቢሆንም ጣቶቹ ሕይወት ነበራቸው፤ እርሱም ሳያስበው ሳቀ። እጁ ከዓይኑ ጋር አብሮ የሄደው፣ የሚያፍርበትን ነገር ማየት ስላልቻለ ነው።

ቀለም ሲደፈርስ ተስፋ መቁረጥ

ቀይና አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ፣ ቢጫና ወይን ጠጅ እርስ በርስ ሲቀላቀሉ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ግራጫ ያዘነብላሉ፤ ይህ የቀለም ጠባይ እንጂ የሠሪው ድክመት አይደለም። የታችኛው ቀለም እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ ከዚያ ይደርቡ።

«ይህን ብትሸጪው!»

ከሁሉም በላይ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው፤ የማያሻማ ክፋት ቢሆን ኖሮ በቀላሉ በተከላከልነው ነበር፤ ነገር ግን በፍቅር የሚነገር፣ በአድናቆት የተጠቀለለ ምክር ነው። አንዲት ተማሪዬ ከሸክላ ትንንሽ እንስሳት ትሠራ ነበር፤ አንዳቸውም በዓለም ላይ ያለ እንስሳ አይመስሉም፤ አንዱ አምስት እግር ነበረው፤ ሌላው አንገቱ ከሰውነቱ ይረዝም ነበር፤ እርሷም እየሠራች ታንጎራጉር ነበር። ወዳጆቿ ሁሉ እንድትሸጣቸው ወተወቷት። ሸጠችም። ገዢዎቹ ያንኑ ባለ ረጅም አንገት በተመሳሳይ መጠንና ቀለም ደጋግማ እንድትሠራ አዘዟት፤ ትእዛዙ ሲበዛ ማንጎራጎሩ ቆመ፤ ጥቂት ወራት ቆይታም ጭቃ መንካት እንዳስጠላት ነገረችኝ። ያኔ ዋጋው አነስተኛ ስለሆነ ነው፣ ደንበኞቹ አስቸጋሪ ስለሆኑ ነው ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ይህንኑ ታሪክ በሹራብ፣ በጥልፍና በሥዕል ሲደገም አይቻለሁ።

ምክንያቱን የሚያስረዳ የታወቀ ጥናት አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት በዚህ ጥናት፣ በማርከር መሳል የሚወዱ የአጸደ ሕፃናት ልጆች በሦስት ተከፈሉ። ለመጀመሪያዎቹ ከሳሉ ሽልማት እንደሚያገኙ አስቀድሞ ተነገራቸው፤ ሁለተኛዎቹ ከሳሉ በኋላ ሳያስቡት ተሸለሙ፤ ሦስተኛዎቹ ምንም አልተሰጣቸውም። ቀን አልፎ ማርከሮቹ በክፍላቸው ውስጥ እንደገና ለጨዋታ ሲቀርቡ፣ ሽልማቱን ጠብቀው የሳሉት ልጆች በመሳል ያሳለፉት ጊዜ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል አነሰ። ልብ ይበሉ፤ ሳይጠብቁት የተሸለሙት ልጆች አልቀዘቀዙም። ጉዳቱን ያመጣው ሽልማቱ ራሱ ሳይሆን፣ ከመሳላቸው በፊት የተሰጠው የሽልማት ተስፋ ነው። ቀድሞ መሳሉ ራሱ በቂ ምክንያት ነበር፤ ተስፋው ሲገባ ግን መሳል ወደ ሌላ ነገር ማድረሻ ሆነ፤ ያ ሌላ ነገር ሲቀር ደግሞ መሳሉም አብሮ ቀረ።

በእጅ ሥራ የሚተዳደሩ ባለሙያዎችን የማከብር ሰው ነኝ፤ መሸጥን አላወግዝም። የምለው፣ ገና በጨዋታ ላይ ያለ ሰው ላይ የገበያ ሸክም አይጫን ነው። መሸጥ የወሰነ ሰውም ቢሆን ለማንም የማያሳየው፣ በትእዛዝ የማይሠራው፣ ዋጋ የማይወጣለት አንድ የሥራ ዓይነት ለራሱ ያስቀር፤ ሸክላ የሚሸጥ ከሆነ ኮላጅ (የወረቀት ቁርጥራጭ እየለጠፉ የሚሠራ ምስል) ይሥራ፣ ሥዕል የሚሸጥ ከሆነ ጨርቅ ይስፋ። ወዳጅ ዘመድም የአድናቆት ቃል ካጣ «የትኛውን ክፍል ስትሠሪ ደስ አለሽ?» ብሎ ይጠይቅ። ለልጆችም እንደዚሁ ነው፦ «ይህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ፣ ምንም ነገር እንዲሆን ያልታሰበውን ጭረት የግድ ስም እንዲያወጡለት ያስገድዳቸዋል። «እዚህ ጋ ሰማያዊውን በኃይል ተጭነኸዋል» ማለት ይበቃል፤ ልጁ የሚነግረን ነገር ካለው ይነግረናል።

ችሎታና ሁኔታ እስኪሟላ መጠበቅ

«መሳል ስችል እጀምራለሁ» የሚሉኝን ሰዎች ከልብ እወዳቸዋለሁ፤ ነገር ግን አላምናቸውም። በአሜሪካ ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አነስተኛ ጥናት 39 ጎልማሶች ለ45 ደቂቃ በሸክላ ጭቃ፣ በማርከርና በኮላጅ እንደ ፈቃዳቸው እንዲሠሩ አድርጎ፣ ከውጥረት ጋር የተያያዘው ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ከሦስት አራተኛ ያህሉ ላይ መቀነሱን መዝግቧል። ቀደም ሲል ልምድ የነበራቸውና ያልነበራቸው ሰዎች በዚህ ረገድ ጉልህ ልዩነት አልታየባቸውም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሄንሪ ማቲስም እ.ኤ.አ. በ1941 ከባድ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ ብዙውን ጊዜ በአልጋና በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበር። ረዳቶቹ ቀለም የቀቡትን ወረቀት በትልቅ መቀስ እየቆረጠ የሠራቸው ሥራዎች ከዕድሜው ሁሉ እጅግ ነጻ ከሆኑት መካከል ይቆጠራሉ። ሸራው ፊት መቆም ሲቸግረው መቀስ አነሣ፤ እኛም የጎደለንን ከመቁጠር በእጃችን ያለውን ብንጠቀም ይሻላል።

ጨዋታን ከግዴለሽነት ጋር ማምታታት

ይህን በአጭሩ ልንገር፦ ደረቅ የሸክላ ዱቄት በመጥረጊያ አይጠረግም፤ በውስጡ ያለው ሲሊካ የተባለ ማዕድን ሳንባ ስለሚጎዳ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። የሚረጭ ማጣበቂያና ቀለም መስኮት ተከፍቶ ወይም ደጅ ይሠራበታል። ጨርቅ ቀለም የተነከረበት ድስት ወደ ማብሰያነት አይመለስም። በደንብ ያልደረቀ ወፍራም ሸክላ ወደ ማቃጠያ ምድጃ ከገባ በውስጡ የቀረው ውሃ ወደ እንፋሎትነት ተለውጦ ይፈነዳል፤ አብረውት ያሉትን የሌሎች ሰዎች ሥራዎችም ይሰባብራል። አክሪሊክ ቀለም የነካ ብሩሽ ደግሞ ወዲያው ይታጠባል፤ ከደረቀ አይመለስም።

መሐል ላይ መጣል

በንብርብር የሚሠራ ነገር ሁሉ፣ ሥዕልም ይሁን ኮላጅ፣ መሐል ላይ የሚያስጠላበት ጊዜ አለው። ጀማሪ በዚህ ጊዜ ወረቀቱን ይጨማድዳል፤ ልምድ ያለው ግን ለሳምንታት ከዓይኑ ያርቀዋል። ከሳጥን የወጣ አሮጌ ሥራ እንግዳ ሰው የሠራው ይመስላል፤ ያኔ የሚጎድለው ነገር በግልጽ ይታያል። ከዚያም በኋላ ካልወደዱት ለኮላጅ ይቆራርጡት፤ ሲቆርጡም ቀለም የተቀባውን ገጽ ወደ ታች ገልብጠው ከጀርባው በኩል ይሁን። ፊቱን እያዩ ከቆረጡ የሚያምረውን ቦታ ለማዳን ሲሉ መቀሱን ያዞራሉ፤ ከጀርባው ሲቆርጡ ግን ቁርጥራጮቹን ሲገለብጡ በፈቃድ ሊመርጡት የማይችሉት የቀለም አቀማመጥ ይጠብቅዎታል፤ ቀጣዩንም ሥራ ከዚያ ይጀምራሉ።