ድንጋይ ለምትቆርጡ፣ መኪና ለምትቀቡ፦ የትኛው ማስክ?

ሳይት ላይ ግራናይት በግራይንደር የሚቆርጡ ልጆች አፋቸውን በሻሽ ጠቅልለው ሳይ አንጀቴን ይበላኛል። ሻሹ ትልልቁን አቧራ ይይዛል። ሳንባ ድረስ ጠልቆ የሚገባው ግን በዓይን የማይታየው ደቃቁ ነው፣ እሱን ሻሽ አያቆመውም። ድንጋይ፣ ኮንክሪትና ሴራሚክ ውስጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለ። ለዓመታት ሲተነፍሱት ሳንባን ያቆስልና ጠባሳ ይተዋል። ሲሊኮሲስ የሚባለው ይሄ ነው፤ የሚያድነው መድኃኒት የለም።

መጀመሪያ አቧራውን ቀንሱ። በውሃ የሚሠራ መቁረጫ ካለ በእሱ ቁረጡ (ተራ የኤሌክትሪክ ግራይንደር ላይ ግን ውሃ እንዳታፈሱ፣ ይነዝራችኋል)።

ከዚያ ማስኩ። ሐኪም ቤት የሚደረገው ስሱ ሰማያዊ ማስክ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ አየሩ በጉንጭ በኩል ይገባል። ላዩ ላይ ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 የሚል ፈልጉ። የመጀመሪያው ከደቃቅ ብናኝ ቢያንስ 95 በመቶውን ያስቀራል፣ ሁለተኛው 94። ኤፍኤፍፒ3 ደግሞ 99 ነው፤ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ለሚቆርጥ ሰው እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ይሄ ቁጥር የሚሠራው ግን ማስኩ ፊታችሁ ላይ ልክክ ካለ ብቻ ነው። የላይኛው ላስቲክ አናት ላይ፣ የታችኛው ከጆሮ በታች ማጅራት ላይ ይሁን፤ ብዙ ሰው የታችኛውን አገጩ ስር አንጠልጥሎ ይተወዋል፣ ያኔ ማስክ እንዳላደረገ ቁጠሩት። የአፍንጫውን ብረት በሁለት እጅ ጣቶች ተጫኑ። ከዚያ ማስኩን በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ አየር በኃይል አስወጡ። በአፍንጫ ወይም በጉንጭ በኩል ካፈተለከ እንደገና አስተካክሉ። ባደረጋችሁት ቁጥር እንዲህ ሞክሩት። ጠርዙ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጺም ካለ አይገጥምም፣ መላጨት ነው።

ጋራዥ ውስጥ ቀለም የምትረጩ ደግሞ ይሄን ስሙኝ። የቲነር ሽታ ብናኝ አይደለም፣ ኤን95ን አልፎ ይገባል። የከሰል ካርትሬጅ ያለው የጎማ ማስክ ያስፈልጋችኋል፤ የአሜሪካ ከሆነ ጥቁር፣ የአውሮፓ ከሆነ ቡናማ ቀለም ያለበትን፣ ከፊቱ የብናኝ ፊልተር ተጨምሮበት። ሥራ ስታቆሙ ከረጢት ውስጥ አሽጉት፣ ሜዳ ላይ ከተተወ ከሰሉ ዝም ብሎ ይጠግባል። ሽታ ከመጣ ውጡና ቀይሩት። ሃርድነር የሚደባለቅበት ቀለም ግን ለብቻው ነው። ውስጡ ያለው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ሳይሸት አስም ሊያስይዝ ይችላል፤ ለእሱ ንጹህ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያመጣ ማስክ ነው የሚያስተማምነው።

እና አደራ፣ ከእነዚህ ማጣሪያዎች አንዱም ኦክስጅን አይሰጥም። ሴፕቲክ ታንክ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ማጣሪያ ማስክ አድርጋችሁ አትግቡ። ጓደኛችሁ ውስጥ ወድቆ ብታዩት እንኳ ተከትላችሁት አትውረዱ፤ ሰው ጥሩ፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939 ደውሉ።