መጀመሪያ መሃል ላይ የሚቆመውን ልጅ እዩ

የአሜሪካን ፉትቦል በኮሌጅ ደረጃ ለምታሠለጥኑ፣ ወይም ቅዳሜ ቅዳሜ ጨዋታ እያያችሁ «ለምን እንዲህ አይከላከሉም?» ለምትሉ፦ አሰላለፍ ከመምረጣችሁ በፊት የመከላከያ መስመሩን መሃል እዩ። 3-4 (ከፊት መስመር ላይ ሦስት ላይንማን፣ ከኋላቸው አራት ላይንባከር የሚሰለፍበት) የሚሠራው ሁለት የተጋጣሚ ላይንማኖችን ብቻውን የሚይዝ ግዙፍ ኖዝ ታክል፣ ማለትም የመስመሩ መሃል ላይ የሚቆም ተጫዋች፣ ካለ ነው። እሱ ከሌለ እነዚያ ላይንማኖች በቀጥታ ላይንባከሮቻችሁ ላይ ይወጣሉ፤ ኳስ ይዞ የሚሮጠውን የሚያስቆም ይጠፋል። እንዲህ ያለ ልጅ ደግሞ ብርቅ ነው፤ ትልልቆቹ ቡድኖች ቀድመው ይወስዱታል።

አራት ደህና ላይንማን ካላችሁ 4-3 (አራት ላይንማን፣ ሦስት ላይንባከር) ወይም 4-2-5 (አራት ላይንማን፣ ሁለት ላይንባከር፣ አምስት የኋላ ተከላካይ) ይሻላል። ላይንማን አንሶ ፈጣን ሴፍቲ (ከሁሉም ኋላ የሚጠብቅ ተከላካይ) ከበዛ የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ቡድን ተመልከቱ። በ2017 እ.ኤ.አ. የመከላከያ አሠልጣኙ ጆን ሂኮክ ሦስት ላይንማንና ሦስት ሴፍቲ እያሰለፈ፣ ብዙ ጊዜ ስምንት ሰው ወደ ኋላ በመመለስ ለኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳሱን ለሚያቀብለው የተጋጣሚ ተጫዋች፣ የሚወረውርበትን ክፍተት ያጠብበት ጀመር። በዚያው ዓመት ኦክላሆማን በገዛ ሜዳው 38 ለ 31 ረትተዋል።

ሰው በሰው መያዝን ግን ኮርነርባኮቻችሁ (በጎን በኩል ኳስ ተቀባዮችን የሚጠብቁት) ከተቀባዮቹ ጋር ያለ እገዛ መሮጥ ካልቻሉ አትሞክሩት። ተጫዋቾች በየዓመቱ ኮሌጅ ስለሚቀያይሩም ምርጫውን በየጸደዩ ልምምድ እንደ አዲስ ፈትሹት።