የጎረቤት ሕዋሳትን ንክኪ ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ላይ ስለ ሕብረ ሕዋስ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ ውጤቱ ሲበላሽበት ማይክሮስኮፑን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ናሙናው ማይክሮስኮፕ ሥር ሳይገባ ተፈጽሟል።

ሕብረ ሕዋሱን ትሪፕሲን በተባለ ኢንዛይምና ኢዲቲኤ በተባለ ኬሚካል በትኖ መጀመር። ኢ-ካድሄሪን የተባለው ፕሮቲን የኤፒቴልየም (የአካልን ውጫዊና ውስጣዊ ገጽ የሚሸፍነው ሕብረ ሕዋስ) ሕዋሳትን የሚያጣብቀው ካልሲየም ሲኖር ነው። ኢዲቲኤ ካልሲየሙን ይነጥቃል፤ የተራቆተውን ፕሮቲን ትሪፕሲን ይቆራርጠዋል። ከዚያ በኋላ ስለ ሕዋሳቱ ጉርብትና መጻፍ የፋሲልን ግንብ ድንጋይ በድንጋይ አፍርሶ ስለ ኖራው ጥንካሬ እንደ መመስከር ነው። መበተኑ ግድ ከሆነ ከዚያው ናሙና ያልተበተነ ቁራጭ ይቀመጥ።

ስላይድ ላይ የታየን ክፍተት ሁሉ ማመን። ናሙናውን ለስላይድ የምናዘጋጅባቸው ፎርማሊን፣ አልኮልና ፓራፊን ያኮማትሩታል። በቆዳ ሕዋሳት መካከል እንደ እሾህ የሚታዩት ድልድዮች ጎልተው የሚወጡትም ሕዋሳቱ ሲሸሹ ዴስሞሶም የተባለው የሕዋሳት ማያያዣ የያዘው ቦታ ብቻ ስለማይላቀቅ ነው። ክፍተቱን የፈጠርነው እኛ ነን፤ ድልድዩ ግን የሕዋሳቱ ነው።

የተደራረበ ቀለም አይቶ «ተነካክተዋል» ማለት። ተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር ገደማ በታች የተቀራረቡ ነገሮችን አይለይም፤ በተጎራባች ሕዋሳት ሽፋን መካከል ያለው ርቀት ግን 20 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ይህን የሚዳኘው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው።

ከፍታን መርሳት። እኛን በተለይ የሚመለከተን ይህ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ፎርማሊን ያሰረውን ኢ-ካድሄሪን፣ ፕሮቲኑን ለይቶ የሚይዘውና በቀለም እንዲታይ የሚያደርገው አንቲቦዲ እንዲያገኘው በሙቀት መፍታት ያስፈልጋል፤ በቆላ አገር የተዘጋጀ መመሪያ «አፍሉ» ሲል ወደ 100 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት አስቦ ነው። እዚህ ክዳኑ በተከፈተ ዕቃ ያ ሙቀት አይገኝም። ቀለሙ ፈዝዞ ይወጣና «ዕጢው ኢ-ካድሄሪን የለውም» ተብሎ ይጻፋል። የኢ-ካድሄሪን መጥፋት ሎቡላር የተባለው የጡት ካንሰር መለያ ስለሆነ ስህተቱ የካንሰሩን ዓይነት እስከማሳሳት ይደርሳል። የግፊት ድስት ተጠቀሙ፤ ጤናማ የጡት ሕብረ ሕዋስ ያለበት ማነጻጸሪያ ስላይድም በዚያው ድስት አብሮ ይሞቅ። እርሱም ከፈዘዘ ሥራው ይደገም እንጂ ውጤት አይጻፍ።

ከቆመ ምስል ስለ ጉልበት መናገር። ሕዋሳት ምን ያህል እንደሚጓተቱ የሚታወቀው በሕይወት ባለ ሕብረ ሕዋስ ላይ መገናኛቸውን በሌዘር ቆርጦ ጫፎቹ የሚሸሹበትን ፍጥነት በመለካትና በመሳሰሉት ዘዴዎች ነው። መሣሪያው ከሌለ ስለ ቅርጽና ስለ አቀማመጥ መጻፍ ይበቃል፤ ፈታኙም ከዚያ በላይ አይጠይቅም።