የገንዘብ ማሰባሰቢያ እራት ስናሰናዳ የምንሠራቸው ስህተቶች

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምንኖር የወንጌል አማኞች በዓመት ሁለት ሦስት የእራት ጥሪ ካርድ ሳይደርሰን አይቀርም። አንዱ ገጠር ለሚያገለግሉ ወንጌላውያን ነው፣ ሌላው ለሕፃናት ማሳደጊያ፣ ሌላው ለሕንፃ ግዢ። እኔም በእንዲህ ያሉ ኮሚቴዎች ውስጥ ወንበር ከመደርደር እስከ ማይክ መያዝ ሠርቻለሁ። ስህተቶቻችን ብዙ ናቸው፤ የአብዛኞቹን ሥር ስፈልግ ግን ይሉኝታን አገኛለሁ።

«ኑ፣ እራት አብረን እንብላ» ብሎ መጥራት

ገንዘብ እንደምንጠይቅ መናገር ስለምናፍር ካርዱ ላይ «የምስጋናና የኅብረት ምሽት» ብለን እንጽፋለን። እንግዳው ልጆቹን ይዞ፣ በልቶ ሊሄድ ይመጣል። ልመናው ሲጀመር «ለካ ለዚህ ነው የጠሩን» ይላል፤ እውነቱን ነው። ለምን እንደተጠራ በካርዱም በስልክም ቀድሞ ይነገረው። ስልክ ያልኩት በምክንያት ነው፤ እሁድ ከመድረክ የሚነገር ማስታወቂያ ጠረጴዛ አይሞላም። ስምንት ወይም አሥር ሰው ለሚይዘው ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ኃላፊ ይመደብ። የሥራ ባልደረባውን፣ ጎረቤቱን፣ የዕቁብ ጓደኛውን ራሱ ደውሎ ይጋብዝ፤ አብሯቸውም ይቀመጥ።

የአዳራሹን ዋጋ ብቻ አይቶ ቀን መቁረጥ

አዳራሽ የሚረክስበት ቅዳሜ ብዙ ጊዜ ምክንያት አለው። በጁላይ 4 ሰሞን ብዙ ሰው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ በዓል ወደሚዘጋጅበት ከተማ ይሄዳል። በ55 ቀኑ ዓቢይ ጾም ደግሞ የጋበዛችኋቸው ኦርቶዶክስ ዘመዶችና ጓደኞች ክትፎ ፊት ተቀምጠው ሰላጣ ይበላሉ። ቀኑ የማይቀየር ከሆነ የጾም ምግቡ ጥግ ላይ የተረሳች አንዲት ትሪ አትሁን።

ካርዱ ላይ «6 ሰዓት» ብቻ ብላችሁም አትጻፉ። አንድ ጊዜ እኩለ ቀን ላይ በተቆለፈ አዳራሽ በር ቆመው «ምነው፣ ቀረ እንዴ?» ብለው የደወሉልን አባት ነበሩ። «6 ፒኤም» በሉ።

ጥያቄውን ሰው ከወጣ በኋላ ማቅረብ

ለ6 ፒኤም የተጠራው ፕሮግራም 7:30 ይጀምራል። መዘምራኑ ሦስት መዝሙር ያቀርባሉ፣ እንግዳው ሰባኪ 50 ደቂቃ ይወስዳል፣ ሪፖርት ይነበባል። ገንዘቡ ጋ ሲደረስ ሕፃን የያዙትና ማለዳ ሥራ የሚገቡት ወጥተዋል። እራቱ ተነሥቶ ቡና ሲዞር ጠይቁ። በሪፖርቱ ፈንታ አገልግሎቱ የደረሰለት አንድ ሰው አምስት ደቂቃ ይናገር። የልጆችን ኑሮ በቪዲዮ ስታሳዩም ልጁ አድጎ ቢያየው የማያፍርበትን ምስል ምረጡ።

በማይክ ማስጨነቅ

ይህን ሁላችንም አይተነዋል። «5,000 ዶላር የሚሰጥ እጁን ያንሣ!» ዝምታ። «3,000!» አሁንም ዝምታ። ከዚያ መድረክ መሪው ዓይኑን ፊት ለፊት ወዳለው ጠረጴዛ ይወረውርና «ወንድም እከሌ፣ ጌታ ባርኮሃል፤ እስኪ አንተ ጀምርልን» ይላል። ወንድም እከሌ ሚስቱን ያያል፣ ጣሪያውን ያያል፣ እጁን ያነሣል። ጭብጨባው ይቀልጣል። በይሉኝታ የተነሣው እጅ ግን በሳምንቱ ስልክ አያነሣም፤ እኛም በቃል የተገባልንን ብዙውን ገንዘብ ሳናየው ቀርተናል። ጳውሎስ እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፣ በኀዘን ወይም በግድ አይሁን ብሎ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን በካርዳችን አናት እናትምና ማይኩን ስንይዝ እንረሳዋለን።

በየወንበሩ ፊት የቃል መግቢያ ወረቀትና እስክሪብቶ ይቀመጥ፦ ስም፣ ስልክ፣ የገንዘብ መጠን፣ በአንድ ጊዜ ወይስ በየወሩ፣ በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያ)፣ በቼክ ወይስ በካርድ። በወር 50 ዶላር ምን እንደሚሠራ በግልጽ ተናገሩ። ከዚያ ዝም በሉ። ሦስት ደቂቃ ዝምታ ለመድረክ መሪ ዘላለም ይመስላል፤ ባልና ሚስት ግን የሚመካከሩበት ጊዜ ያገኛሉ። ብዙ ሊሰጡ ይችላሉ የምትሏቸውን ሰዎች ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ቤታቸው ሄዳችሁ አነጋግሩ። ዕጣ ማውጣት ካሰባችሁ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ እንደ ቁማር የሚያዩት አሉ።

ወጪ ያልተቀነሰለት ድምር ማወጅ

«22,000 ዶላር ተገኘ!» እንላለን እንበል። ለ200 ሰው በነፍስ ወከፍ 45 ዶላር ምግቡ 9,000 ነው፤ አዳራሽና የድምፅ መሣሪያ 5,000 ከወሰደ ለአገልግሎቱ የተረፈው 8,000 ነው። ወጪውን ጥቂት ቤተሰቦች ወይም ነጋዴዎች ቀድመው ቢሸፍኑት «ዛሬ የምትሰጡት ሁሉ ሥራው ላይ ይውላል» ብሎ አፍ ሞልቶ መናገር ይቻላል።

ደረሰኝ ላይ መዘናጋት

በአሜሪካ የታክስ ሕግ 40 ዶላር ለሚያወጣ እራት የ100 ዶላር ትኬት የገዛ ሰው እንደ ስጦታ የሚቆጠርለት 60ው ነው። ክፍያው ከ75 ዶላር ካለፈ ይህን በጽሑፍ ማሳወቅ የአዘጋጁ ግዴታ ነው። በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ደግሞ የጽሑፍ ማረጋገጫ ከሌለው ከታክሱ ማስቀነስ አይችልም። በቀጥታ አዲስ አበባ ላለ ወንጌላዊ የተላከ ገንዘብ በዚህ ሕግ አይቆጠርም፤ ስለዚህ ቼኩ እዚህ ሕጋዊ ሆኖ በሚሠራው አገልግሎት ስም ይጻፍ።

በማግስቱ መጥፋት

ኮሚቴው ይደክመዋል፤ «ትንሽ እንረፍ» ይላል። እኛ ጋ የቃል መግቢያ ወረቀቶቹ በአንድ አባላችን መኪና ውስጥ አራት ወር ከረሙ። ከመካከላቸው በየወሩ 20 ዶላር ለመስጠት የጻፉ አንዲት እናት ነበሩ። አፍሬ ስደውልላቸው አልተቆጡም። «ልጄ፣ እናንተ ብትጠፉም እኔ በየወሩ እያስቀመጥኩ ነው፤ መጥታችሁ ውሰዱት» አሉኝ። ስሄድ አራት ፖስታ ሰጡኝ፤ በእያንዳንዱ ላይ የወሩን ስም ጽፈውበታል።