የቦንሳይ መደርደሪያ ችግርና መፍትሄ፦ መሃሉ ሲሰረጉድ

ውሃ ልክ አያያዝና ማዕዘን አወጣጥ እዚህ አላስተምርም፤ መዶሻ ጨብጦ የማያውቅ ሰው አናጺ ይጥራ። የምጽፈው ቦንሳይ፣ ማለትም ሸክላ ውስጥ በትንሹ የሚያድግ ዛፍ፣ የሚቀመጥበትን መደርደሪያ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ በየግቢው እየተጠራሁ ስጠግን ያየሁትን ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመጀመሪያውን፣ የመሃሉን መሰርጎድ።

ምልክት፦ የመደርደሪያው መሃል ሰርጉዷል። ዳር ያሉት ሸክላዎች ወደ መሃል አዘንብለዋል። መሃል ላይ ያለው ዛፍ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል።

ሰው የሚጠራኝ ግን ሦስተኛውን ካየ በኋላ ነው። «ወይራዬ ታመመብኝ» ይላሉ። እስከዚያ ድረስ ማዳበሪያ ጨምረዋል፣ የተባይ መድኃኒት ረጭተዋል፣ አንዳንዱ በክረምት አጋማሽ አፈር ቀይሯል። አብሽሩ፣ በሽታ አይደለም። የሰረጎደው ጣውላ ውሃ አቁሮ፣ ሸክላው ውሃው ላይ ተቀምጦ፣ የማፍሰሻው ቀዳዳ ታፍኖ ነው። ሥር ደግሞ አየር ይፈልጋል። ሸክላውን ስታነሱ ከሥሩ ጥቁር፣ የሚያዳልጥ እርጥብ ካያችሁ መድኃኒቱን መልሱና መጋዝ አምጡ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥሩና መሃል ላይ ከጣውላው ጋር ያለውን ክፍተት ለኩ። በ2 ሜትር ላይ ከ5 ሚሊሜትር ካለፈ እኔ አፈርሰዋለሁ።

ምክንያት፦ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ተደራርቦ ነው፤ እርጥብ ባህር ዛፍ፣ አስተኝተው የመቱት ሞራሌ፣ በእግርና በእግር መካከል የተተወ ረጅም ርቀት።

ትናንት የቆረጠውን ዛሬ «ደርቋል» ብሎ የሚሸጥ ሞልቷል። እርጥብ እንጨት ጭነት ተሸክሞ ሲደርቅ እንደጎበጠ ይቀራል፤ ጭነቱን ብታወርዱለትም አይመለስም። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቁራጭ አስቆርጡና መዝኑት፤ ሳምንት ያህል ምድጃ አጠገብ አቆይታችሁ እንደገና መዝኑት። ብዙ ከቀለለ እንጨቱ ገና ነው፤ ተዉት።

ሞራሌውም ቢሆን፣ 4 በ8 ሳንቲሜትር የሆነ እንጨት በጠባብ ጎኑ ቆሞ ሲመታ ተኝቶ ከተመታው አራት እጥፍ መጎበጥን ይቋቋማል። ያው እንጨት፣ በያው ዋጋ! ታዲያ ለምን ያስተኙታል? ለመዶሻ ስለሚመች ነው፤ ሌላ ምክንያት ሰምቼ አላውቅም።

ርቀቱ የባሰ ነው። ሸክላ በተርታ የተደረደረበት እንጨት የእግሮቹ ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚጎብጠው 16 እጥፍ ነው። በዚህ ላይ ሰው የዛፉን ትንሽነት እያየ ክብደቱን ይንቃል። 50 በ35 ሆኖ 10 ሳንቲሜትር የሚጠልቅ ሸክላ 17.5 ሊትር ይይዛል። አፈሩ ውሃ ሲጠጣ፣ ዛፉና ሸክላው ሳይቆጠር፣ 25 ኪሎ ገደማ ነው። አምስት ሲደረደር ከኩንታል ያልፋል።

ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ አንድ ጋሼ ከቢሮ የወጣ የቺፑድ ጠረጴዛ ላይ ዛፎቻቸውን ደርድረው ነበር። ዝናቡ እንደገባ ቺፑዱ ሻይ ውስጥ እንደተነከረ ዳቦ አበጠ። «ቫርኒሽ ብቀባውስ?» አሉኝ። ጋሼ፣ ቺፑድ ውጭ አያድርም። ኤምዲኤፍም እንዲሁ።

ኮምቦልቻ ደግሞ ለአንዲት እናት ልጃቸው የሰረጎደውን መሃል በብሎኬት ደግፎላቸው ጠበቀኝ። ግቢው ዋልካ ነው። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በክረምት ብሎኬቱ መሃሉን ሽቅብ ገፍቶ ጣውላውን ሰነጠቀው፤ በበጋ ብሎኬቱ ወርዶ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ቀረ። ልጁ ክፍተቱን የጠቀጠቀው በካርቶን ነው። ካርቶን! ውሃ በየቀኑ ከሚፈስበት ሥር!

የጎበጠውን ገልብጦ መልሶ የሚመታም አለ። ለጥቂት ጊዜ ያምራል፤ ከዚያ በዚያኛው በኩል ይሰረጉዳል።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ሸክላዎቹን አውርዱ። ሁሉንም። «ሁለቱ ይቆዩ» ብሎ ክሪክ ያስገባ ሰው ስብርባሪ ሲለቅም አይቻለሁ። ከዚያ ሁለት አግዳሚ በጠባብ ጎናቸው አቁማችሁ በየ1.20 ሜትሩ እግር ስጧቸው። የላዩን ጣውላ ከ7 እስከ 8 ሳንቲሜትር ስፋት ሰንጥቁትና በመካከሉ 1 ሳንቲሜትር ክፍተት እየተዋችሁ ምቱ፤ ውሃው ይወርዳል፣ ከሥርም አየር ይገባል። ሰፊ ጣውላ አጣብቆ የሚመታ አናጺ የምግብ ጠረጴዛ እየሠራላችሁ ነው፤ አስቁሙት።

የግንዱ እምብርት የነበረበት ፊት ወደ ላይ ይሁን። ጣውላ ሲደርቅ የሚጎደጉደው በቅርፊቱ በኩል ስለሆነ፣ እንዲህ ከተመታ ጀርባው ቀና ብሎ ውሃውን ያንሸራትታል። ባህር ዛፍ ይሰነጠቃልና በድሪል ሳትበሱ ብሎን አታስገቡ። ከፈረሰ ቤት የወጣ የሀበሻ ጥድ ካገኛችሁ ግን ባህር ዛፉን እርሱት፤ ጥድ ብስባሴንም ምስጥንም ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ላዩን የተቃጠለ ዘይት አትቀቡ። ምስጥ ይከላከላል እያሉ የሚመክሩ አሉ። በማፍሰሻው ቀዳዳ በኩል ሥሩን ያገኘዋል፤ ከታች ባለው ረድፍ ላይም ይንጠባጠባል። ልጆችም እጃቸውን ያሳርፉበታል።

ምልክት፦ እግሩ ከታች በስብሷል። እንጨት ውሃ የሚጠጣው በተቆረጠው ጫፉ ነው። የበሰበሰውን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ጫፉን ሬንጅ ቀቡ፣ ከመሬት 10 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ የሲሚንቶ መቆሚያ ላይ አስቀምጡ። ቆላማ ግቢ ከሆነ እግሩ ላይ የጭቃ መስመር ሽቅብ ወጥቶ እንደሆነ እዩ፤ ምስጥ ነው።

ምልክት፦ የብረቱ መደርደሪያ ብየዳው ላይ ዝጓል። በያጁ የብየዳውን ቅርፊት ሳያራግፍ አንቲረስት ቀብቶበታል። ቅርፊቱ ሲረግፍ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። ፍቁት፣ እንደገና ቀቡት። የቱቦላሬ እግር አናቱ ክፍት ከሆነ ውሃ ይሞላል፤ ክደኑት፣ ከታችም አንድ ቀዳዳ ብሱ። ላዩን ላሜራ አታልብሱ፤ በኮምቦልቻ ፀሐይ ሥሩን ይጠብሰዋል።

ምልክት፦ ነፋስ ሸክላ ይጥላል። በማፍሰሻው ቀዳዳ ሽቦ አሳልፋችሁ ከጣውላው ጋር እሰሩ፤ የጣውላው ክፍተት ለዚህም ይጠቅማል።

ምልክት፦ ደሴ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ የታችኛው ረድፍ ቅጠል ይቃጠላል። ውርጭ ነው። ቀዝቃዛ አየር ወደ መሬት ይወርዳል፤ ለስላሳዎቹን ወደ ላይኛው ረድፍ አውጡ።

ምልክት፦ ፍየል በላው። አጥር ሥሩ። መደርደሪያውን ከፍ አድርግልኝ የሚሉኝ አሉ፤ ፍየል ግን መደርደሪያው ላይ ነው የምትወጣው።